የአንዲት ጉጉት መጥፋትና መገኘት

ጉጉት ሲባል ለብዙዎቻችን ጆሮ ደስ የሚል ስም አይደለም። ማታ ከቤት ጣሪያ ወይም ከግቢው ዛፍ ላይ ሆና ስትጮህ ከሰማናት «ደግሞ ምን ልታመጣ ነው?» እንላለን፤ አንዳንዱማ ድንጋይ አንስቶ ይወረውራል። ዛሬ የምናቀርበው ትምህርት ግን ጉጉት በሰው ላይ ታመጣለች ስለሚባለው መጥፎ ዕድል አይደለም። ሰው በአንዲት ጉጉት ላይ ስላመጣው መጥፎ ዕድል ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።)

ይህች ጉጉት የምትኖረው በህንድ አገር ነው። የሳይንስ ስሟ አቴኔ ብሌዊቲ ሲሆን እኛ በዚህ ጽሑፍ «የጫካ ጉጉት» እያልን እንጠራታለን። ቁመቷ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ማለትም በቦርሳችሁ ይዛችሁት ከምትዞሩት ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ታጥራለች። ከ1884 እስከ 1997 ድረስ፣ ለ113 ዓመታት፣ በሕይወት ያያት ስለመኖሩ አንድም እርግጠኛ ማስረጃ አልነበረም። ጨርሳ ጠፍታለች ብለው ተስፋ የቆረጡ ሊቃውንትም ነበሩ። ታዲያ አልጠፋችም ነበር። ለመሆኑ አንዲት ወፍ በአንድ መቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ሕዝብ መካከል እየኖረች ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሳትታይ ትቀራለች? ከምክንያቶቹ አንዱ አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት፤ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

በታኅሣሥ ወር 1872 ብሌዊት የተባለ እንግሊዛዊ በመካከለኛው ህንድ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ፉልጃር በሚባለው አካባቢ፣ አንዲት ትንሽ ጉጉት መትቶ ጣለ። ቆዳዋ ተገፎ፣ ጥጥ ተሞልቶ፣ አለን ኦክታቪያን ህዩም ለሚባለው ባለ ሥልጣን ተላከለት። ይህ ሰው በኋላ በ1885 የህንድ ብሔራዊ ኮንግሬስ ሲቋቋም ዋና መሥራች የነበረው ህዩም ነው፤ ፖለቲካውን የምናውቀውን ያህል ወፍ ሰብሳቢነቱን አናውቅለትም እንጂ። ህዩም ጉጉቷን መረመራትና ከዚያ በፊት ያልታወቀች ዓይነት መሆኗን ተረዳ። በ1873 ስለ እርሷ ጽፎ ላሳወቀ ጊዜ በብሌዊት ስም ሰየማት።

ከዚያ በኋላ በ1877 ቫለንታይን ቦል የሚባል የከርሰ ምድር ተመራማሪ ከፉልጃር ብዙም በማይርቀው በካሪያር አንዲት አገኘ። የቀሩትን ደግሞ ጄምስ ዴቪድሰን የተባለ አስተዳዳሪ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በምዕራብ በኩል ካንዴሽ ከሚባለው አውራጃ ሰበሰበ። እስከ 1884 ድረስ በጠቅላላው 7 ናሙናዎች ተገኙ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ።

እዚህ ላይ ካርታ ያስፈልገናል። ከመምህራኖቻችን መካከል በልጅነታቸው ከህንድ በመጡ አስተማሪዎች የተማሩ አሉና የዚያን አገር ስሞች ከእኛ ይልቅ እነርሱ ሊያነቧቸው ይችላሉ። በክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለውን የእስያ ካርታ ተመልከቱ። በህንድ መካከል ሁለት ወንዞች እንደ ሌሎቹ ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ወርደው ወደ ዓረብ ባሕር ይገባሉ፤ ሰሜናዊው ናርማዳ፣ ደቡባዊው ታፕቲ ይባላል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት ሳትፑራ ነው። የዴቪድሰን ካንዴሽ በታፕቲ ሸለቆ፣ በሳትፑራ ግርጌ ነው። የብሌዊትና የቦል ቦታዎች ደግሞ ወደ ምሥራቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ይገኛሉ። እንግዲህ ወፏ የምትታወቀው በካርታው ላይ በጣም ተራርቀው በተቀመጡ በእነዚህ ነጥቦች ብቻ ነበር። የመካከሉ አገር ባዶ ነው፤ ወይ ጉጉቷ የለችበትም፣ ወይ ሄዶ የፈለጋት ሰው የለም። አንድ የሥርጭት ካርታ ስታዩ እነዚህን ሁለቱን አትቀላቅሏቸው። ባዶ ቦታ «የለም» ማለትም ሊሆን ይችላል፣ «አልተፈለገም» ማለትም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንምጣ። የወፍ ቆዳ በቤተ መዘክር ሲቀመጥ በእግሩ ላይ አንዲት መለያ ወረቀት ይታሰርለታል። በወረቀቷ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ፤ የት ተገኘ፣ መቼ ተገኘ፣ ማን አገኘው። ያለ እነዚህ ሦስት ነገሮች ቆዳው ጥጥ የተሞላ ላባ እንጂ ሌላ አይደለም። ወረቀቷ ትክክል ከሆነች ግን ጥቂቱም ይበቃል። በአገራችን በነጭ ሣር ሜዳ በ1990 ከሞተች ወፍ ላይ አንድ ክንፍ ብቻ ተገኝቶ፣ ቦታውና ቀኑ በትክክል ተመዝግቦ ስለነበረ በ1995 አዲስ የወፍ ዓይነት ለመሰየም በቅቷል። ሙሉ ወፍ እንኳ አይደለም እኮ፤ አንድ ክንፍ ነው።

ከሰባቱ ናሙናዎች በኋላ አንድ ስምንተኛ ብቅ ብሎ ነበር። በመለያው ላይ እንደተጻፈው በጥቅምት 1914 በታፕቲ ወንዝ አጠገብ፣ በጉጅራት፣ ማንድቪ በምትባል ቦታ የተገኘ ነው። ሰብሳቢው ኮሎኔል ሪቻርድ ማይነርትስሃገን ይባላል። ይህ ሰው በወታደርነቱም በወፍ አዋቂነቱም የተፈራና የተከበረ ነበር፤ ወደ 20,000 የሚጠጉ የወፍ ቆዳዎቹን በ1954 ለእንግሊዝ ቤተ መዘክር አበርክቷል። እንዲህ ያለውን ታላቅ ሰው ማን ይጠረጥራል? የእርሱ መዝገብ ከሁሉ የቅርቡ ስለነበረ ጉጉቷ ቢያንስ እስከ 1914 መኖሯን ያረጋገጠ መሰለ፤ የት መፈለግ እንዳለበትም የጠቆመ መሰለ። ታዋቂው የህንድ የወፍ ሊቅ ሳሊም አሊና አሜሪካዊው ዲሎን ሪፕሊ ሳይቀሩ ፈልገዋት አላገኟትም።

ሌላም ችግር ነበር። በህንድ በየመንደሩ፣ በየማንጎው ዛፍ ላይ የምትገኝ ባለ ነጠብጣብ ጉጉት አለች። በመጠን እኩል ናቸው፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸውም ይመሳሰላሉ። «የጫካ ጉጉት ናት» ተብሎ የታተመ ፎቶግራፍ እንኳ በኋላ ሲጣራ ይህችው ተራ ባለ ነጠብጣብ ሆና ተገኝታለች። ልዩነታቸው ለሚያውቀው ግልጽ ነው። የጫካዋ ጉጉት አናት ከሞላ ጎደል ነጠብጣብ የሌለው ግራጫ ቡናማ ነው፤ ራሷና ምንቃሯ ከቁመቷ ጋር ሲተያይ ትልልቅ ናቸው፤ ደረቷ ጠቆር ያለ ሲሆን ከሆዷ በታች ነጭ ነው፤ እግሮቿ ነጭ ሱሪ የታጠቁ ይመስል እስከ ጣቶቿ ወፍራም ላባ ለብሰዋል፤ በጭራዋ ላይ ያሉት ነጫጭ መስመሮችም ሰፋፊ ናቸው። ታዲያ ይህን ሁሉ በሕይወት ካለች ወፍ ላይ ያየ ሰው በዘመኑ አልነበረም። መጽሐፍ የሚጽፈው ሁሉ ከቆዳ ላይ ይገለብጥ ነበር፤ ከቆዳዎቹም አንዱ ውሸታም ነው።

ውሸቱ የተያዘው እንዴት ነው? በ1993 አላን ኖክስ የተባለ ተመራማሪ ከማይነርትስሃገን ስብስብ ውስጥ አንዳንዶቹ ቆዳዎች ከሌላ ቦታ ተወስደው መለያቸው የተቀየረ መሆኑን በማስረጃ አቀረበ። በዚያን ጊዜ ፓሜላ ራስሙሰን የምትባል አሜሪካዊት የወፍ ተመራማሪ ስለ ደቡብ እስያ ወፎች መጽሐፍ ታዘጋጅ ስለነበረ ነገሩ አሳሰባት፤ የሰውየው መዝገብ ሐሰት ከሆነ መጽሐፏም ሐሰት ሊሆን ነውና። ስለዚህ ናይጀል ኮላር ከተባለ ባልደረባዋ ጋር ሆና የ1914ቱን ጉጉት ሰውነቷን ሳትፈታ በራጅ አስነሣቻት።

እኛ መምህራንና መምህራን የምንሆን ሰዎች ይህን ክፍል በቀላሉ እንረዳዋለን። አንድ ተማሪ የጓደኛውን የቤት ሥራ ስሙን ፍቆ ቢያቀርብልን የእጅ ጽሑፉ ያጋልጠዋል። የወፍ ቆዳ የሚያዘጋጅ ሰውም እንደዚሁ የራሱ የእጅ ጽሑፍ አለው፤ ጥጡን እንዴት እንደሚጠቀልል፣ ክንፉን ከውስጥ እንዴት እንደሚይዘው፣ ስፌቱን እንዴት እንደሚያስኬደው። ራጁ ያሳየው ቆዳው ሁለት ጊዜ መዘጋጀቱን ነው። ሁለተኛው አዘጋጅ የመጀመሪያውን ሰው ሥራ ለማጥፋት ብዙ ደክሟል፤ ግን ሁሉንም አላጠፋም። የቀረው ርዝራዥ የዴቪድሰን አሠራር ነበር። ማለትም ይህች ጉጉት በ1880ዎቹ መጀመሪያ በካንዴሽ የተያዘች፣ ከእንግሊዝ ቤተ መዘክር የተሰረቀች፣ እንደገና የተሞላችና አዲስ ወረቀት የታሰረላት ናት። በማንድቪ በጥቅምት 1914 የተያዘች ጉጉት አልነበረችም። ኮሎኔሉ ራሱ በዚያ ወር ከቦምቤይ በመርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ከዘመተው ጦር ጋር ነበር። ራስሙሰንና ኮላር ግኝታቸውን በ1999 አሳትመውታል።

ሰውየው ለምን እንዲህ አደረገ? በሕይወት የለም፤ በ1967 ሞቷል። ዝና ያለው ሰው በሁለት ጥጥ ምክንያት ሌባ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? እኛን የሚገርመን ግን ሌብነቱ ብቻ አይደለም። አንድ ቆዳ ተሰርቆ ቢቀር ጉዳቱ አንድ ቆዳ ነው። ሐሰት ተጽፎበት ሲመለስ ግን ፈላጊውን ሁሉ አብሮ ያሳስታል፤ የዘመኑንም የቦታውንም ዕውቀት ያበላሻል።

የ1914 መዝገብ ሲፋቅ የቀሩት እውነተኞቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦታዎች ናቸው። በኅዳር 1997 ራስሙሰን ከቤን ኪንግና ከዴቪድ አቦት ጋር ሆና ወደ ህንድ ሄደች። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብሌዊትና ወደ ቦል ቦታዎች ሄዱ፤ ብዙ ቀን ፈለጉ፣ አጡ። ቀጥለው ወደ ምዕራብ አቀኑና ዴቪድሰን ወደ ሠራበት ወደ ካንዴሽ፣ ሻሃዳ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የሳትፑራ ግርጌ ደረሱ። ኅዳር 25 ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ኪንግ ቅጠሉ በረገፈ ዛፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጉጉት አየ። አናቷ ነጠብጣብ የለበትም። እግሯ ነጭ ነው። ሰዎቹ ደስታቸውን ዋጥ አድርገው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር በፎቶግራፍና በቪዲዮ ማንሣት ነበር፤ ቦታውንም ጻፉ፣ ቀኑንም ጻፉ። በአንዲት ወረቀት ምክንያት ስንት ዘመን እንደባከነ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረማ!

ከዚያ ወዲህ ህንዳውያን ተመራማሪዎች ሥራውን ተረክበው ብዙ ነገር አሳውቀውናል፤ ከቀዳሚዎቹ መካከል ፋራህ ኢሽቲያቅና አሳድ ራህማኒ ይገኙበታል። ትልቁ አስገራሚ ነገር ይህች ጉጉት በቀን የምትንቀሳቀስ መሆኗ ነው። ጉጉት የሌሊት ናት ብለን ለልጆች እናስተምራለን፤ የጫካዋ ጉጉት ግን በጠራራ ፀሐይ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጭራዋን እያወዛወዘች እንሽላሊት ትጠብቃለች። ምግቧ በአብዛኛው እንሽላሊት ሲሆን አይጥና ነፍሳትም ትበላለች። የምትኖርበት ጫካ ጥቅጥቅ ያለ አይደለም፤ ቲክ የሚባለው ዛፍ የበዛበት፣ በበጋ ቅጠሉ የሚረግፍ ሣራም ደን ነው። ጎጆ አትሠራም፤ ግንደ ቆርቁር ቆፍሮ የተወውን ወይም በራሱ የተቦረቦረውን የትልልቅ ዛፍ ሽንቁር ትፈልጋለች። ሴቷ በሽንቁሩ ውስጥ እንቁላል ስትታቀፍ ወንዱ አድኖ ይመግባታል። ይህ ሁሉ መልካም አባት ያስመስለዋል፤ ሆኖም የገዛ ጫጩቱን የበላ ወንድ በእነዚሁ ተመራማሪዎች ታይቷል። ተፈጥሮን ለልጆች ስናስተምር አጣፍጠን ብቻ እንዳናቀርባት ይህንንም ጨምረነዋል።

ችግሯ ከዚህ ኑሮዋ ይነሣል። ትልልቅና አሮጌ ዛፍ ከሌለ ሽንቁር የለም፤ ሽንቁር ከሌለ ጎጆ የለም። ደኑ ለእርሻ ይመነጠራል፣ ለማገዶ ይቆረጣል፣ በበጋ እሳት ይነሣበታል። በእርሻ ላይ የሚረጨው መርዝ በምትበላቸው እንስሳት በኩል ወደ እርሷ ሊደርስ ይችላል። ደኑን የሚመነጥረው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን የሚያበላበት መሬት የሚፈልግ የተራራ ገበሬ ነው፤ ይህን ሳያስተውሉ ጥበቃ መስበክ ከንቱ ነው። አጉል እምነትም አለ። በሂንዱ እምነት ጉጉት የሀብት አምላክ የላክሽሚ መጓጓዣ ሆና ትከበራለች፤ ይሁንና ለጥንቆላና ለመሥዋዕት ተብላ በስውር የምትያዘውም እርሷው ናት። እኛ ሞት ታመጣለች ብለን ድንጋይ ስንወረውርባት፣ እነዚያ ሀብት ታመጣለች ብለው ይይዟታል። ለጉጉት ሁለቱም ያው ነው። በህንድ ሕግ ግን የጫካዋ ጉጉት ከፍተኛው ጥበቃ ከተሰጣቸው እንስሳት አንዷ ናት።

ዛሬ የት የት ትገኛለች? አብዛኞቹ የሚታወቁት በማሃራሽትራና በማድያ ፕራዴሽ ክፍላተ ሀገር በሳትፑራ ላይ ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ የምትበዛው በመልጋት የነብር ጥብቅ ደን ውስጥ ነው። በ2014 ደግሞ ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ ለሙምባይ ከተማ የመጠጥ ውኃ በሚሰጠው በታንሳ ሐይቅ ዙሪያ ባለው ደን ውስጥ ተገኘች። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከሚኖርበት ከተማ ጥግ ማለት ነው። በምሥራቅ ግን፣ መጀመሪያ በታወቀችበት በፉልጃር በኩል፣ ፈላጊዎች ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለእያንዳንዱ ፍጡር የአደጋ ደረጃ ይሰጣል። ቁጥሩ እየቀነሰ የሚሄድ ፍጡር ለመውለድ የደረሱት ከ250 ካነሱ በመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ላይ ሊመደብ ይችላል፤ ከ2,500 ካነሱ ከእርሱ ቀጥሎ ባለው። የጫካዋ ጉጉት ለብዙ ዓመታት በመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆይታ በ2018 ወደ ቀጣዩ ተዛወረች፤ ግምቱም ለመውለድ የደረሱት ከ250 እስከ 999 ናቸው የሚል ነው። አንዳንድ ሠልጣኞች ይህን ስንነግራቸው «እንግዲያውስ እየተራባች ነው!» ብለው ተደሰቱ። አልተራባችም። ደኑ እየሳሳ ስለሆነ ቁጥሯ እየቀነሰ መሄዱ አልቀረም። የተለወጠው የእኛ ዕውቀት ነው፤ ብዙ ሰው በብዙ ቦታ በትክክል ስለፈለገ ብዙ ተገኘ። በአንድ ክፍል የተማሪዎችን ስም በትክክል ስንጠራ ቁጥራቸው ከትናንቱ መዝገብ ቢበልጥ ልጆቹ ትናንት ማታ ተወለዱ አንልም። 250 እና 999ስ ቢሆን? ትልቁን ቁጥር ብንወስድ እንኳ በአንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት የሰልፍ ሜዳ ላይ የምትቆም ያህል ናት፤ በዓለም ያለችው በሙሉ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ከታንሳ በኋላ ተመራማሪዎች ወደ ጉጅራት ዘልቀው ዳንግ በሚባለው ተራራማ አውራጃ፣ በፑርና ጥብቅ ደን፣ የጫካዋን ጉጉት አገኙ። ዳንግ ከማንድቪ ሩቅ አይደለም። «ታዲያ ኮሎኔሉ እውነቱን ኖሯል!» ያለን አንድ ሠልጣኝ አለ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በክፍል ውስጥም ተከራከርንበት። ተማሪ ከጓደኛው ወረቀት ገልብጦ መልሱ ትክክል ቢሆን ማርኩን እንሰጠዋለን ወይ? አብዛኞቹ አንሰጥም አሉ። በጉጅራት ለጫካዋ ጉጉት የሚቆጠረው መዝገብ አሁን የፑርናው ነው፤ የ1914ቷ ቆዳም በካንዴሽ፣ በዴቪድሰን ስም ተመዝግባለች።